ስም የሚፈልግ ሰፈር

አቃቂ በሰቃ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለጁማ፣ አሰብ ወደብ

አሰላሙ አለይኩም። እኔም ልጅህ ኡምሰልማም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አንተስ ያን ሙቀት እንዴት ቻልከው? ደብዳቤዬ ስለዘገየ አውፍ በለኝ። የዘገየው ረስቼህ አይደለም፤ በራሴ እጅ ልጽፈው ብዬ ነው። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ የበላይነሽ ባል በቀለ መሆኑን ታውቃለህ። ደግ ሰው ነው፤ ግን የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ስለሆነ ይሁን እንጃ፣ የኔን ናፍቆት እንደ ጭነት ደረሰኝ ነበር የሚጽፈው። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ለባሌ የምለውን በጎረቤት አፍ ማለት አሳፈረኝ። ፊደሉ ቢወላገድም ሳትስቅ አንብብልኝ።

ጓደኛህ በዛብህ መኪናውን አስፋልት ዳር አቁሞ የላክኸውን ቴምርና ጨርቅ ቤት ድረስ አመጣልን። በቃል የላክኸውንም ነግሮኛል። አሰብ መጥተን እንድንኖርበት ስላልከው ቤት አስቤበት እጽፍልሃለሁ። ትምህርት ተጀምሯል፣ ክረምቱ የጣለውን አጥርም ገና አልጠገንኩም።

ይልቅ የሰፈራችንን ጉድ ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት ካርታ አንሺዎች መጡ። አለቃቸው ቀናው የሚባል ቀጭን ልጅ ነው፤ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ዘንግ አስይዞ ከሐዲዱ እስከ ወንዙ ሲለካ ዋለ። ከዚያ እኛ ደጅ ላይ ቆሞ፣ «ይህ ሰፈር ማን ይባላል?» አለ።

በላይነሽ «ከሐዲድ ማዶ» አለችው። አዚዛ ደግሞ ከቤቷ ብቅ ብላ «ወሎ ሰፈር ነው እንጂ» አለች።

«ወሎ ሰፈርማ አዲስ አበባ ውስጥ አለ» አላት።

የሴቶች ማኅበሯ አስካለች ከኋላ መጥታ «ጓድ፣ የድል ፍሬ ብለህ ጻፍ» ስትለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እንዲህ ያለ ስም ከዚያ ቀን በፊት ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ልጁ ላቡን ጠረገና ወረቀቱን ዘርግቶ አሳየን። «እኔ በያዝኩት በድሮው ፕላን እዚህ ያለው የከብት ግጦሽ ነው» አለ።

በላይነሽ «ታዲያ እኛ ምንድን ነን?» ስትለው ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ።

ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አይደለም። የሕዝብ ቆጠራ ሊመጣ ነው፤ የውሃ መስመር የሚዘረጋውም ይኸንኑ ካርታ እያዩ ነው አለን። «የሰፈራችሁን ታሪክ፣ የመሬቱን አቀማመጥና የሕዝቡን ብዛት ጻፉ። ከሁሉ በፊት ግን በአንድ ስም ተስማሙ። ከገና በኋላ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎ ሄደ። አንተ እንደምታውቀው ውሃ የምንቀዳው ከሐዲዱ ወዲያ ካለው ቦኖ ነው። ባቡር ሲመጣ ጀሪካናችንን ተሸክመን ቆመን ነው የምናሳልፈው። ስለዚህ ቀበሌው ሰብስቦን ጸሐፊ ተመረጠ። ጸሐፊው ጎበዝ ነው ይላሉ።

አንተስ ሰፈራችንን ማን ብለህ ነው የምትጠራው?

ባለቤትህ ኸሚስ

*

አሰብ፣ ኅዳር 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለኸሚስ

ፖስታውን ስከፍት የማላውቀው እጅ ጽሑፍ ሆነብኝ። በዛብህን «ይህ የማን ነው?» አልኩት። «የሚስትህ ነዋ» አለኝ። አላመንኩትም ነበር። «አጥሩን አልጠገንኩም» የሚለው ጋ ስደርስ ግን አመንኩ። በቀለ ቢሆን እንዲህ ያለውን ይዘለዋል። አልሳቅሁም። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ለድርጅቱ ዘበኛም አነበብኩለት። እሱም «ሚስትህ አስተማሪ ናት እንዴ?» አለኝ። አላረምኩትም፤ ይምሰለው።

ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው። ሰው እዚህ በቀን አይኖርም፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቃል እንጂ። ባሕሩ ግን ደስ ይላል። ኡምሰልማ ብታየው ዳርቻውን የምትለቅ አይመስለኝም።

ስለ ሰፈራችን ስም የጠየቅሽኝ ነገር አሳፈረኝ። ከአሰብ እስከ አቃቂ ያለውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ልነግርሽ እችላለሁ። ማንዳ ላይ ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ስኳር እንደምታበዛ፣ ባቲ ሰኞ ሰኞ መንገዱ በግመል እንደሚዘጋ፣ ጣርማ በር ላይ ከየትኛው ኩርባ በፊት ማርሽ እንደሚቀነስ አውቃለሁ። ሰፈራችን ስገባ ግን የማውቀው ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለችውን ቀጭን መንገድ ብቻ ነው። ደክሞኝ እገባለሁ፣ ተኝቼ እነሳለሁ፣ እሄዳለሁ። «ቤት» ከማለት ሌላ ስም ሰጥቼው አላውቅም። ቀናው ለሚሉት ልጅ ይህን ብትነግሪው ካርታው ላይ አይጽፈውም።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ድርጅቱ እዚህ ወደቡ ላይ የቢሮ ሥራ ሰጥቶኛል። እድገት ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ በረንዳም አለው። መልስ ስጠን ይሉኛል፤ እኔም ካንቺ መልስ እጠብቃለሁ። አስቢበት ብዬሽ ነበር፤ አሁን ግን አስበሽ ጨርሺ።

ከበዛብህ ጋር «የጁማ ጽሑፍ ለምን መስመር ይስታል?» ብለሽ ላስጠየቅሽኝ፣ ጠረጴዛው ነው። አንዱ እግሩ አጭር ነው።

ጁማ

*

አቃቂ በሰቃ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጁማ

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ብርዱ ፀንቶብን ጠዋት ጠዋት ከንፈራችን እየተሰነጠቀ ነው፤ አሰብን የተመኘሁት በዚህ ወር ብቻ ነው። ስለ ቤቱ የጻፍከውን አንብቤያለሁ። በረንዳ መኖሩ ጥሩ ነው።

ስለ ሰፈሩ ታሪክ አጫውችኝ ስላልከኝ ደስ አለኝ፤ ከበዛብህ ጋር የላክሃት ብጣሽ ወረቀት ደርሳኛለች። ጸሐፊው መጀመሪያ የሄደው ኦቦ ሮሪሳ ዘንድ ነው። አንተ አታውቃቸውም፤ ከወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ ያለበት ግቢ የሳቸው ነው። ከዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ በፊት የነበሩ የገበሬ ልጅ ናቸው። «ለሰፈሩ ስም እየፈለግን ነው» ሲባሉ፣ «ልጄ፣ ስሙማ አለ። የጠፋው ጠያቂ ነው» አሉ።

ቦታው መልካ ሎኒ ነው የሚባለው፤ በኦሮምኛ የከብት መሻገሪያ ማለት ነው። ወንዙ እዚያ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ስለሚሳሳ የአባታቸው ከብቶች የሚሻገሩት በዚያ ነበር። ባቡሩ መጀመሪያ በዚህ ሲያልፍ አንዲት ጥቁር ላም በፉጨቱ ደንግጣ ወንዙ መሃል ቆማ ቀረች አሉ። አባታቸው ከዳር ሆነው ይለምኗታል፤ እሷ ወይ ፍንክች። ሐዲድ ከሚያነጥፉት ሰዎች አንዱ ልብሱን ሰብስቦ ገባና ከኋላዋ ገፋት። ላሟ ወጣች፣ እሱ ወደቀ።

«አባቴ እርጥብ ሰው አያሰናብትም ነበር» አሉ ኦቦ ሮሪሳ። «ልብሱ እስኪደርቅ ብሎ ቤቱ አሳደረው። ሰውየው ልብሱ ደርቆም አልሄደ፤ ከወንዙ ዳር ጎጆ ቀለሰ። የዚህ ሰፈር የመጀመሪያ መጤ እሱ ነው።»

ከሱ በኋላ የባቡር ሠራተኞች መጡ፤ ፋብሪካዎቹ ሲከፈቱ ደግሞ ጥጥ የሚፈትለውና ብረት የሚያቀልጠው ከየአገሩ መጣ። «እኛ ወሎዎቹስ?» ስላቸው ሳቁ። «እናንተማ በድርቁ ጊዜ በጭነት መኪና መጣችሁ። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ይህን መልካ ስትሻገር አይቻለሁ። ዋልካው አንድ ጫማዋን ነጥቋት በአንድ እግሯ ቆማ ባሏን ትቆጣ ነበር።»

ጁማ፣ እኔ ነበርኩ። አንተም ጫማውን ስትፈልግ እስከ ጉልበትህ ገብተህ ነበር። ለኦቦ ሮሪሳ አልነገርኳቸውም፤ ወሬያቸው እንዳይበላሽ ብዬ ነው።

አቀማመጡንም እንዲህ ብለን ጻፍነው። በምሥራቅ ሐዲዱ፣ በምዕራብ ወንዙ። በስተ ደቡብ የጤፍ ማሳ፤ ከማሳው ባሻገር ሰማዩ የጠራ ቀን ዝቋላ ይታያል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ሰው ይይዛል። በላይነሽ «ነፋሱንም ጻፊ» አለች፤ የፋብሪካው ጥሩምባ በነፋሱ አቅጣጫ አንድ ቀን ጆሮ ስር፣ አንድ ቀን ከሩቅ ይሰማልና።

ሕዝቡን ስንቆጥር ደግሞ ብታይ። አዚዛ ገና ያልተወለደውን ልጇን አስቆጠረች። በላይነሽ «እሱ አይቆጠርም» ብትላት፣ «እናንተ ጽፋችሁ እስክትጨርሱ ይወለዳል» አለች። አልተሳሳተችም፤ ትናንት ሴት ልጅ ወለደች። በሁሉም ቤት ዞረን ጨርሰናል። አንድ ቤት ብቻ ባዶውን ትተነዋል። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ኸሚስ

*

አሰብ፣ ጥር 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለኸሚስ

ደብዳቤሽን ሳነብ የላሟ ነገር አስቆኝ ሻዬን ደፋሁ። ጫማውንም አልረሳሁትም። ጭቃው ውስጥ ሳላገኘው ቀርቼ የራሴን አውልቄ ሰጥቼሽ ነበር፤ አስፋልቱ ድረስ በባዶ እግሬ የተመለስኩት እኔ ነኝ። ይህንንም ታሪኩ ውስጥ አስገቡልኝ።

ከዚያ ግን «ጻፍነው» የምትለዋ ቃል ላይ ደረስኩ። ዝቅ ብሎ «ስንቆጥር» ይላል፣ ደግሞ «ዞረን» ይላል። «ጸሐፊው» ስትዪኝ ከርመሽ፣ ከአቀማመጡ ላይ ስትደርሺ ጸሐፊው ሴት ሆነ፤ «ነፋሱንም ጻፊ» አለችው በላይነሽ። በዛብህን ያዝኩት። መጀመሪያ «እኔ ሾፌር ነኝ፣ ስለ ጽሕፈት ምን አውቃለሁ» አለ። ኋላ አወጣ። ጸሐፊው አንቺ ነሽ። በሙሉ ድምፅ ነው የተመረጥሽው፣ አጨብጭበውልሻል፣ ከሦስት ወር በፊት ነው። አሰብ ያለ ዕቃ ጫኝ ሁሉ ሚስቴ ምን እንደሆነች ሲሰማ እኔ የሰማሁት መጨረሻ ላይ ነው።

አልተቆጣሁም። አኩርፌያለሁ። ልዩነቱን ታውቂዋለሽ።

ለምን እንደደበቅሽኝ ግን ገብቶኛል። አሰብ የምትመጣ ሴት ጸሐፊ ሁኚ ስትባል እሺ አትልም። ስለዚህ በረንዳው ጥሩ ነው እያልሽ አታቆዪኝ። ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ።

ጁማ

*

አቃቂ በሰቃ፣ ጥር 25 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጁማ

ይቅርታህን እፈልጋለሁ። ከሰው አፍ መስማትህ ቆርቁሮኛል። ልጽፍልህ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። አንተ መንገድ ላይ ሆነህ ቤቱን ብቻ እያሰብክ፣ እኔ «ሰፈሩ መረጠኝ» ስልህ እንደ ጉራ እንዳይሆንብህ ፈራሁ። ደግሞም እውነቱን ነው የገመትከው። እሺ ስላቸው አሰብን ረስቼው አልነበረም።

ባዶ የተውነው ቤት የኛ ነው። በላይነሽ እስክሪብቶ ይዛ በራችን ላይ ቆማ፣ ለቀልድ ድምጿን ወፈር አድርጋ «እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» አለችኝ። ሁለት ልበላት ወይስ ሦስት? አንተን የት ልቁጠርህ? እሷም ቀልዱን ተወችና «ይቆይ» ብላ አለፈች።

አንድ ቃል ጻፊልኝ ብለሃል። እጽፋለሁ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለፈው በዛብህ ሲመጣ «ጁማ እድገት አገኘ፣ እንኳን ደስ አላችሁ» ስለው ፊቱን ወደ ኡምሰልማ አዞረና የትምህርት ቤቷን ነገር ይጠይቃት ጀመር። በዛብህን ታውቀዋለህ፤ ውሸት ስለማያውቅበት ወሬ ይለውጣል። የአንድ እግሩ አጭር ጠረጴዛም ሦስት ደብዳቤ ሙሉ አይጠገንም ወይ? መስመሩ ካለፈው ይልቅ ቁልቁል ወርዷል።

ጁማ፣ ምን ሆነሃል? እኔ የደበቅሁህን አውጥቻለሁ። ያንተ ተራ ነው።

ኸሚስ

*

አሰብ፣ የካቲት 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለኸሚስ

ጠረጴዛው ደህና ነው። አራቱም እግሩ እኩል ነው።

የደከመው የቀኝ ዓይኔ ነው። ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሁለት ሆኖ ይታየኝ ነበር። በረሃው ነው፣ አቧራው ነው እያልኩ ነዳሁ። መስከረም ላይ ድርጅቱ ሁላችንንም ሲያስመረምር ሐኪሙ አየኝና «አሁን ስንት ዓመት ነዳህ?» አለኝ። ነገርኩት። «ይበቃሃል» አለኝ። ቁጣ የለውም፣ እንደ አባት ነው ያለኝ። በመነጽር መጻፍና ማንበብ እችላለሁ፤ ረጅም መንገድ መንዳት ግን ተከልክያለሁ። ቢሮ ያስገቡኝ በዚህ ነው። እድገት ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ እነሱ እንዲህ አላሉም። በዛብህንም እንዳይነግርሽ ያስማልኩት እኔ ነኝና አትቆጪው።

ለምን አሰብ ኑ አልኩሽ? እዚህ ማንም አያውቀኝም ብዬ ነው። አቃቂ ላይ እኔ ሾፌሩ ጁማ ነኝ። በረከት ይዞ የሚገባው፣ ጥሩምባውን ከአስፋልቱ ሲነፋ ልጆች የሚሮጡለት። ያለ መኪና ስገባ ምን ብለው ይጠሩኛል? ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሰው «ጁማ ምነው ዛሬም አልወጣ?» ሲል መስማት አልፈለግሁም። ይህ ነው ነገሩ። ለበዛብህ እንኳን እንዲህ አድርጌ አልነገርኩትም።

አሁን ቀለለኝ። መስመሩም ቀና ያለ ይመስለኛል፤ ወይም መነጽሩን ስላደረግሁ ይሆናል።

የፈለግሽውን ጻፊ፤ የምትዪውን እሰማለሁ።

ጁማ

*

አቃቂ በሰቃ፣ መጋቢት 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጁማ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። ደብዳቤህን አንብቤ መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ፤ ከዚያ ወጥቼ አጥሩን ጠገንኩት። አሁን ተረጋግቻለሁ። አንድ ቃል ያልከኝ ይኸው፦ አልመጣም። አንተ ና።

ስለ ኀፍረቱ ልንገርህ። የሰፈሩን ሕዝብ ቤት ለቤት ስቆጥር ያየሁትን አንተ አላየህም። በቀለ የሎኮሞቲቭ ነጂ የነበረ አይመስለኝም ነበር። ነበረ። ጆሮው ሲደክም ጣቢያ ተመደበ፤ አሁን ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስኮት ላይ ቲኬት ሲቆርጥ ነው፤ አንድም ሰው «ምነው ከባቡሩ ወረድክ?» ብሎት አያውቅም። ከፋብሪካው እጁን ተጎድቶ የወጣው ጎረቤታችን ጫማ ይሰፋል። ኦቦ ሮሪሳ ራሳቸው ከብት አልቆባቸው ባሕር ዛፍ ይሸጣሉ። እዚህ ሰፈር ከአንድ ነገር ሳይወርድ የገባ ሰው የለም። አንተ ብቻ ነህ ከመኪና ሳትወርድ መኖር የፈለግኸው።

በቀለ እንደሚለው ቃሊቲ ያለው የናንተው ድርጅት ዲፖ ለስምሪት ሰው ይፈልጋል። መንገዱን የሚያውቅ፣ የትኛው መኪና በየትኛው ዳገት እንደሚያስቸግር የሚለይ። ጣርማ በርን ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሻለሁ ያልከኝ አንተ አይደለህም? በዛብህም ለአለቆቹ ነግሮልሃል። መቆጣት ካማረህ እኔን ተቆጣኝ፤ የላክሁት እኔ ነኝ።

ለስሙ የተደረገው ስብሰባ ደግሞ እሑድ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ነበር። ጠዋት ተጀምሮ የተጨረሰው ሰው ሁሉ ምሳ ሲያምረው ነው። የሐዲድ ማዶዎቹ አንድ ወገን ተቀመጡ፣ የኛዎቹ ሌላ ወገን፤ አስካለች መሃል ቆማ «የድል ፍሬ» ስትል ማንም ደፍሮ እንቢ አይል፣ ማንም እሺ አይል። እኔ ተነስቼ የጻፍነውን አነበብኩ። ወረቀቱን በላይነሽ ያዘችልኝ። የላሟ ታሪክ ላይ ስደርስ ሳቁ። ሐዲድ አንጣፊው ወንዝ ውስጥ ሲወድቅ አንድ የባቡር ጡረተኛ ሽማግሌ «አያቴ ነው! ይህን ከሱ ሰምቼዋለሁ» ብለው ተነሡ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ ኦቦ ሮሪሳ መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ ብለው ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ብዙ ሰው አልነበረም። ከባቡር የወረደውም፣ ከፋብሪካ የመጣውም፣ ከወሎ የመጣነውም በዚያው ድንጋይ ላይ ተሻግረን ነው የገባነው። ለመልካ ሎኒ እጅ ሲወጣ አስካለችም እጇን አወጣች። «የድል ፍሬ» የምትለውን ለመዋዕለ ሕፃናቱ አስቀመጠችው።

ቀናው መጥቶ ወረቀቱን ወሰደ። ካርታው ላይ «መልካ ሎኒ» ብሎ በእርሳስ ሲጽፍ በላይነሽ ከኋላው አንገቷን አስግጋ እያየች «ሎ ላይ ጠንከር አድርገው» ትለው ነበር።

ሳይሄድ አስቆምኩትና አንድ ባዶ መስመር ሞላሁ። ሦስት ብዬ ጻፍኩ። እንግዲህ መንግሥት ፊት ውሸታም እንዳታደርገኝ።

ኸሚስ

*

አሰብ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለኸሚስ

ዕቃዬን አስሬያለሁ። የወደቡን ቤት ለሌላ ሰው ሰጡት፤ በረንዳውን ወዶታል። ዲፖው ሐሙስ እንድጀምር ጽፎልኛል።

የምመጣው በበዛብህ መኪና፣ ከጎኑ ተቀምጬ ነው። በዚህ መንገድ ስመላለስ ይህን ያህል ዓመት፣ ከጎን ተቀምጬ ግራና ቀኙን አይቼ አላውቅም። በዛብህ ከአሁኑ «እንዳትናገረኝ፣ ፍሬን ያዝ እንዳትለኝ» እያለ ያስምለኛል። አልምልም።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ጥሩምባ እንዳይነፋ ነግሬዋለሁ። በእግሬ እገባለሁ።

ጁማ

*

መልካ ሎኒ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለኸሚስ፣ አዋሳ፣ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች ማሠልጠኛ

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤዬ ስለዘገየ አውፍ በይኝ። ሥራ በዝቶ አይደለም፤ ሰፈሩ በየቀኑ የሚነገር ነገር እያመጣ የትኛውን ልጻፍ ብዬ ነው። አንቺ በወር አንድ ጊዜ ይህን ሁሉ እንዴት አድርገሽ ትከትቢልኝ እንደነበር አሁን ገባኝ።

ለጠየቅሽኝ በተራ ልመልስ። አዎ፣ ይበላል፤ ወጡን ኡምሰልማ ትሠራለች፣ ሽንኩርቱን እኔ እልጣለሁ። አይ፣ ጣሪያው አያፈስም። አዎ፣ መነጽሬን አደርጋለሁ። የአዚዛ ልጅ መሮጥ ጀምራለች፤ እናቷ «ሳትወለድ የተቆጠረች ናት፣ ምን ያስቆማታል» ትላለች። የግንቦቱ ሕዝብ ቆጣሪ ስንት ሰው እንዳገኘ ላልሽኝ፣ አይናገሩም። ቆጣሪው ልጅ ግን ካርታውን ይዞ ማንንም ሳይጠይቅ በየበራችን መጣ። ኦቦ ሮሪሳ ዘንድ ሲደርስ «ሰው ብቻ ነው የምትቆጥረው? ይህ ስም የወጣው ለከብት ነበር እኮ» ብለው አሳቁት።

ያ ሽማግሌ የባቡር ሰው ታመው ነበር፣ ድነዋል። ኦቦ ሮሪሳ በየቀኑ እየሄዱ ስለ ላሟ ሲከራከሩ ይውላሉ። አንዱ ጥቁር ነበረች ይላሉ፣ ሌላው «አያቴ ቀይ ብሎኛል» ይላሉ። ሁለቱም አላዩዋትም።

አሁን ትልቁን ልንገርሽ። ቅዳሜ ውሃው መጣ። ቦኖው የተተከለው አዚዛ ቤት ማዕዘን ላይ ነው። አስካለች ንግግር አድርጋ ሪባን ቆረጠች፤ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ብቻ ሲተነፍስ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። በላይነሽ «ይህም እንደ ላሟ ቆሞ ቀረ» አለች። ከዚያ ቡናማ ውሃ ተፋ፣ ትንሽ ቆይቶ ጠራ። ኦቦ ሮሪሳ እጃቸውን አርጥበው መረቁን። ማንም እልል አላለም መጀመሪያ፤ ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ይሮጥ ነበር። እልልታው የመጣው ኋላ ወረፋው ከተያዘ በኋላ ነው።

እኔም ጀሪካን ይዤ ተሰለፍኩ። ሳቁብኝ። «ወንድ ውሃ ሲቀዳ ካርታ ላይ ይውጣ» አለች አንዷ። «ሚስቴ ሥልጠና ናት» ስል ደግሞ «የምን ሥልጠና? አንተን ማሠልጠን አይበቃትም?» አለች ሌላዋ። በሰልፉ ውስጥ ከፊቴ ከኋላዬ ያሉትን ሁሉ በስም አውቃቸዋለሁ፤ አንዷን ብቻ አላውቃትም ነበር። ለካ ከኛ አራተኛዋ ቤት ናት፤ ይህን ሁሉ ዓመት በደጇ ሳልፍ ታየኝ እንደነበር ነገረችኝ። ስሟ አማረች ነው። ነግሬሻለሁ፤ አንቺ ግን ታውቂያታለሽ መቼም።

እንዲህ ቆሜ ሳለሁ ዲፖው የላከው አንድ አዲስ ሾፌር መጣ። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ወርዷል፣ መኪኖቹን እናሳድራቸው ወይ ብሎ ሊጠይቀኝ ነው። እኔን በመልክ አያውቀኝም። «የሾፌሩ የጁማ ቤት የት ነው?» አለ። ሰው ተያየ። «የስምሪቱ ጁማ» አለ። ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እኔ ምን እንደሚሉት ልስማ ብዬ ከወረፋው ሳልወጣ ጀሪካኔን ወደ ፊት ገፋሁ። በላይነሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበችና፣ «የኸሚስን ባል ነው የምትለው?» አለችው።

«እሱ ነኝ» አልኩ። «ደብረ ብርሃን ይደሩ በላቸው። እኔ ተራዬ ደርሷል፤ ጀሪካኔን ሞልቼ እመጣለሁ።»

ጁማ